በረራዎች ተጣምረው በመዘግየታችን ያወጣሁት ወጪ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ለአየር መንገዱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

እኔ ቅሬታ አቅራቢዋ የደብረ ብርሃን ከተማ ነዋሪ ስሆን፣ ለሕክምና ወደ ውጭ አገር የሚሄዱትን እናቴን ይዤ ለመጓዝ ከድርጅታችሁ የደርሶ መልስ ትኬት ቆርጬ ነበር። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነና መንገዱ ላይ የሚያጋጥመው ስለማይታወቅ፣ ለማታው በረራ ረፋዱ ላይ ተነሣን። በረራው መሰረዙን የሚገልጸው አጭር መልእክት የደረሰኝ ሰንዳፋን ካለፍን በኋላ ሲሆን፣ «በሥራ ምክንያት» ከማለት በቀር ማብራሪያ አልነበረውም። ቦሌ ስንደርስ ሠራተኛችሁ ተሳፋሪ በማነሱ በረራው ከሌላ ቀን በረራ ጋር መጣመሩን ነገረችኝ፤ ቀደም ብሎ በሚነሣ በረራ ለመሄድ ከፈለግሁም የዋጋ ልዩነት እንድከፍል ጠየቀችኝ። እናቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው የሐኪሙን የቀጠሮ ወረቀት በእጃቸው እንደያዙ ይጠብቁ ስለነበር፣ ያለኝ ምርጫ መክፈል ብቻ ነበር።

ነዳጅ ከአየር መንገዶች ወጪ ሩብ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ እንደሚወስድ፣ በሰኔ 2017 በመካከለኛው ምሥራቅ እንደታየው የአየር ክልል ሲዘጋ አውሮፕላኖች ዙሪያ ጥምጥም ለመብረር እንደሚገደዱ አውቃለሁ። የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የትኬት ዋጋ በብር እጅግ ሲንርም ሳላማርር ከፍያለሁ። ተፎካካሪን ለመብለጥ መነሻ ዋጋውን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ኋላ ለሻንጣና ለመቀመጫ ማስከፈላችሁም ቢያንስ አስቀድሞ የተነገረኝ ነገር ነው። ወንበር ባለመሙላቱ በረራ ማጣመር ግን እንደ ማዕበል ወይም እንደ ጦርነት ከአቅም በላይ የሆነ ችግር ሳይሆን፣ ድርጅቱ ወጪውን ለመቀነስ አስቦበት የወሰነው ነው። የዚህን ውሳኔ ዋጋ የታመሙ እናት ይዛ የመጣች መንገደኛ የምትከፍልበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ዓለም አቀፍ የአየር ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1999 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት አንቀጽ 19፣ አጓጓዡ አየር መንገድ ጉዳቱን ለማስቀረት በአግባቡ የሚጠበቅበትን ሁሉ ማድረጉን ወይም ይህን ማድረግ እንዳልቻለ ካላስረዳ በቀር በመዘግየት ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። ስለዚህ የከፈልሁት የዋጋ ልዩነት፣ የአልጋና የምግብ ወጪ እንዲመለስልኝ፣ በረራው የተጣመረበት ምክንያትና ውሳኔው የተላለፈበት ቀንም በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። የትኬቶቹንና የደረሰኞቹን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ አቅርቤአለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ቅሬታ አቅራቢዋ
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ