የድሮውን መመሪያ ከፓኬጁ አታውጡት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። አር የሚባለውን ነጻ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ልጆች እየበዙ ነው፤ ይህም ደስ ይለኛል። በቅርቡ ጥቂቶቹ የጣናን የዓሣ ምርት የቆየ መዝገብ በአንድ ፓኬጅ፣ ማለትም መረጃንና ማብራሪያውን አብሮ በሚይዝ የአር ጥቅል፣ ሰብስበው አሳዩኝ። ሠንጠረዡ ንጹሕ ነው፤ ግራፎቹም ያምራሉ። የመዝጋቢዎቹ የድሮ መመሪያ ግን የለም። «ጊዜው አልፎበታል፣ ተዉት ተባልን» አሉኝ።

መመሪያው በታይፕ የተመታ ነው፤ በየዳሩ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። አዎ፣ አርጅቷል። ቁጥሮቹም እኮ የዚያው ዘመን ናቸው። ቁጥሩን ይዞ መመሪያውን መጣል ምን የሚሉት ነው?

ቀኑን ብቻ እንይ። መዝጋቢው ቀን የጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። የአር የቀን አቆጣጠር ደግሞ የፈረንጆቹ ነው። 13ኛ ወር ስለማያውቅ የጳጉሜን መዝገብ ባዶ ይሆናል። ጥቅምት 30 ደግሞ «2ኛ ወር፣ 30ኛ ቀን» ተብሎ ስለሚነበብ አብሮ ይወድቃል። የወደቀው እንኳ ባዶ ሆኖ ስለሚታይ ይያዛል። እኔን የሚያስፈራኝ ሳይወድቅ የሚያልፈው ነው። የካቲት 15 ቀን 1988 ዓ.ም. የተመዘገበው ዓሣ፣ የካቲት 6ኛ ወር ስለሆነ፣ በፈረንጆቹ ጁን 15 ቀን 1988 ሆኖ ይገባል። ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። የጨራ ጨራ ግድብ የሐይቁን መውጫ መቆጣጠር የጀመረው ደግሞ በ1988 ዓ.ም. ነው። ከግድቡ በፊትና በኋላ የነበረውን ለሚያነጻጽር ተመራማሪ ነገሩ ሁሉ ይገለበጥበታል። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ግን መመሪያው ላይ በአንድ መስመር ተጽፏል።

ዓሣውም እንደዚሁ ነው። መመሪያው ለቆሮሶ አንድ ኮድ፣ ለአምባዛ አንድ ኮድ፣ ለነጭ ዓሣ ሁሉ ደግሞ አንድ ኮድ ሰጥቷል። የጣና ትልልቅ ነጭ ዓሣዎች 15 ያህል ዝርያዎች መሆናቸው ተለይቶ የወጣው በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ነው። ይህን ያልነገሩት ተንታኝ «ያኔ አንድ ዝርያ ብቻ ነበር» ብሎ ቢደመድም አልፈርድበትም። ጀልባውም አለ። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ሐይቁ ላይ ሲገቡ፣ በደንገል ታንኳ የሚያጠምደው ሰውም ሥራውን አላቆመም። «በአንድ ጀልባ ይህን ያህል ኪሎ» ሲባል የትኛው ጀልባ እንደሆነ የሚለየው ያው መመሪያ ነው።

ልጆቹ «አዲስ ማብራሪያ ጽፈናል፣ ሁለቱ ይጋጫሉ» ይላሉ። ይጋጩ! የድሮው ርዕስ ላይ ዓመቱ ይጻፍ፣ «ለዚህ ዘመን መዝገብ የሚያገለግል» ተብሎ ይለይ፣ በቃ። አጽድቶ እንደ አዲስ መተየብን ግን አልደግፍም። የሚተይበው ሰው ስህተት የመሰለውን ያርማል፤ በእስክሪብቶ የተጨመረውንም ይተወዋል።

አሠራሩም አይከብድም። በአር ፓኬጅ ውስጥ ረጃጅም ማብራሪያዎች ብዙ ጊዜ ከምንጭ ጽሑፋቸው እንደገና ይገነባሉ። ስካን የተደረገ ወረቀት ምንጭ ጽሑፍ የለውም። ለዚህ አር.አርኤስፒ የሚባል ፓኬጅ አለ። ከፒዲኤፉ ጎን ርዕሱን የምትናገር ሁለት መስመር ያላት ትንሽ ፋይል ይቀመጣል፤ ሰነዱ ሳይነካ እንዳለ ያልፋል። ተጠቃሚውም ከአዲሶቹ ማብራሪያዎች ጋር በአንድ ዝርዝር ያገኘዋል። መጠኑ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ክራን፣ ማለትም የአር ፓኬጆች ዋና ማከማቻ፣ ሰነድ በአጠቃላይ ከ5 ሜጋባይት እንዳይበልጥ ይጠይቃል። በጥቁርና ነጭ ስካን ቢደረግ በጣም ይቀላል። የእስክሪብቶው ጽሑፍ እንዳይጠፋ ግን ገጽ በገጽ ይታይ።

ልጆቹ አሁን ሊያስገቡት ተስማምተዋል። የቀረው ችግር በእጃችን ያለው ቅጂ መሐሉ ላይ ገጾች የጎደሉት መሆኑ ነው። በባሕር ዳር፣ በጎርጎራ ወይም በዘጌ የዓሣ መዝጋቢ ሆነው የሠሩ አባቶችና እናቶች፣ ወይም ልጆቻቸው፣ መመሪያው ቤታችሁ ካለ እባካችሁ ለዝግጅት ክፍሉ አሳውቁ። ስካን አድርገን ወዲያው እንመልሳለን።

የስታቲስቲክስ መምህር
ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር