ሉክሰምበርግን ለድሃ መንገደኛ አትከልክሉት

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

የጉዞ አምዳችሁን ከሚከታተሉት አንዱ ነኝ፤ ብዙ ጊዜም ተጠቅሜበታለሁ። ስለ ሉክሰምበርግ ከተማ ባወጣችሁት ጽሑፍ ግን አልተስማማሁም። ኪሱ የሳሳ መንገደኛ እዚያ ከሚወርድ ይልቅ ባቡር ቀይሮ ቢያልፍ ይሻለዋል ነው ያላችሁት፣ ባጭሩ። ምክንያታችሁ ውድነቱ ነው። ውድ መሆኑንማ ማን ይክዳል? የባንክ አገር ነው። ፕላስ ዳርም አደባባይ ላይ ቁጭ ብሎ ምሳ ያዘዘ ሰው ሒሳቡ ሲመጣ ክው ይላል። ግን የዋጋውን ነገር በጅምላ ነው የፈረዳችሁበት። እኔ እንዳየሁት፣ ቦርሳውን በጀርባው አዝሎ ለአንድ ቀን ጎራ ለሚል ሰው እንደዚህ ከተማ የሚመች የአውሮፓ ዋና ከተማ ብዙ የለም።

ዋናውን ነገር በአንዲት መስመር ነው ያለፋችሁት። በአገሩ ውስጥ አውቶቡስ፣ ትራምና ባቡር ነፃ ነው። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 29 ቀን 2020 ጀምሮ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለነዋሪውም ለእንግዳውም ክፍያ ቀርቷል። ካርድ የለም፣ ምዝገባ የለም፣ ገብቶ መቀመጥ ብቻ ነው። የሚከፈለው የባቡሩ አንደኛ ማዕረግ ነው፤ እሱን ደግሞ ቦርሳ አዝሎ የሚዞር መንገደኛ አይፈልገውም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፣ እናንተም ብትጽፉት ጥሩ ነበር፦ ነፃነቱ ድንበር ላይ ያበቃል። ከብራሰልስ ወይም ከጀርመኗ ትሪየር የሚመጣ ሰው ከድንበሩ ወዲያ ላለው መንገድ ቲኬት ያስፈልገዋል። ነፃ ነው ተብሎ ባዶ እጁን ከተሳፈረ ተቆጣጣሪው አይምረውም።

ትራሙን ራሱ ማየት ደስ ይላል። በመሀል ከተማው ከላይ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ የለም። ፌርማታ ላይ በቆመ ቁጥር ከሥሩ ኃይል ይሞላል፣ ሰው ወርዶ ሰው እስኪሳፈር ይበቃዋል፣ ከዚያ ውልቅ። የአዶልፍን ድልድይም በዚያው ይሻገራል፤ ድልድዩ በ1903 የተመረቀ ነው፣ ከታች ሲያዩት ትልቁ የድንጋይ ቅስት ሸለቆውን በአንድ እርምጃ ያለፈው ይመስላል። ከ2025 ወዲህ ደግሞ ትራሙ ፊንደል አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ በሁለት በረራ መካከል ግማሽ ቀን ያለው ሰው እንኳ ታክሲ ሳይዝ መሀል ከተማ ደርሶ ይመለሳል (የመግቢያ ቪዛው የሚፈቅድለት ከሆነ ማለቴ ነው)።

ከተማው ላይና ታች ነው። ላዩ ሜዳ ነው፣ ታቹ ገደል ነው፣ ገደሉ ውስጥ የአልዜት ወንዝና ግሩንድና ፋፈንታል የሚባሉት ሠፈሮች አሉ። ከባድ ቦርሳ ላዘለ ሰው ያ ዳገት ቀልድ አይደለም። ግን ሊፍት አለ! ከግሩንድ ወደ ላይ የሚያወጣው በዓለቱ ውስጥ የተሠራ ነው። የፋፈንታሉ በ2016 የተከፈተ ነው፣ 71 ሜትር ከፍታ አለው፣ ግድግዳው መስታወት ነው። ከፍታ የሚፈራ ሰው ፊቱን ወደ በሩ ያዙር። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ከፋፈንታል ወደ ኪርሽበርግ ኮረብታ፣ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ወዳለበት የሚያወጣው በገመድ የሚሳብ ባቡርም እንደዚያው።

አሁን ወደ አሮጌው ከተማ። ቦክ የሚባለው ዓለት ላይ ነው ታሪኩ የጀመረው፣ በ963 ዚግፍሪድ የተባለው መስፍን ቦታውን ከያዘ በኋላ። ከዚያ ስፔኖቹ፣ ፈረንሳዮቹ፣ ኦስትሪያዎቹ፣ ፕሩሺያዎቹ እየተፈራረቁ ምሽጉን አጠናከሩት፣ ዓለቱንም ከውስጥ ቦረቦሩት። በ1867 የለንደኑ ስምምነት አገሩ ገለልተኛ እንዲሆንና ምሽጉ እንዲፈርስ ወሰነ። ማፍረሱ ዓመታት ፈጀ። የምድር ውስጥ ዋሻዎቹን ግን ሙሉ በሙሉ ማፈንዳት አልተቻለም፤ ዋሻው ሲናድ ከላዩ ያለው የከተማ ክፍል አብሮ ሊናድ ነው። ስለዚህ ከ17 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው ዛሬም አለ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ሕዝቡ ከቦምብ የተጠለለበት እዚያ ነው። ካዝሜት ይሏቸዋል፣ መግቢያ ይከፈላል፣ እኔ ግን የሚያስቆጭ ክፍያ ነው አልልም። የመድፍ መተኮሻው ቀዳዳ ጋ ቆመው ወደ ታች ሲያዩ ያ ሁሉ ጦር ለምን በዚህ ድንጋይ ላይ እንደተራኮተ ይገባዎታል። ገንዘብ ከሌለ ደግሞ ከጎኑ ያለው የኮርኒሽ መንገድ አለ፤ በአሮጌው ቅጥር ላይ ሸለቆውን እያዩ መሄድ ነው፣ የሚጠይቅዎት የለም። ዩኔስኮ አሮጌውን ክፍልና ምሽጉን በ1994 የመዘገበው በከንቱ አይደለም።

ለማደርና ለመብላት ግን፣ እሺ፣ እዚህ ላይ እውነት አላችሁ። ሆቴሉ ኪስ ያራቁታል። ግን የወጣቶች ሆስቴሉን ለምን ረሳችሁት? ሸለቆው ውስጥ፣ ከባቡሩ ረጅም ድልድይ ሥር ነው፣ ከቦክ ዓለትም ሩቅ አይደለም። አልጋው ቀድሞ ስለሚያዝ አስቀድሞ ማስያዝ ነው። ምግቡን ከሱፐርማርኬት ዳቦና አይብ ገዝቶ ሸለቆው ውስጥ ሣር ላይ መብላት ይቻላል፣ የቧንቧው ውኃ ንጹሕ ነው።

ጊዜ የተረፈው ሰው ነፃውን አውቶቡስ ይዞ ወደ ሃም ይሂድ፣ የአሜሪካ ወታደሮች መቃብር ወዳለበት። ከ5 ሺህ በላይ ሰው ተቀብሯል፣ አብዛኛው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአርዴኑ ውጊያ የበላው ነው። በዚያ ጦርነት ከአሜሪካ ጦር አዛዦች አንዱ የነበረው ጄኔራል ፓተንም እዚያው ነው። መጀመሪያ ከወታደሮቹ መሀል ነበር የቀበሩት፣ ጎብኚው በዝቶ ዙሪያውን ሲረጋግጠው ለብቻ ወደ ፊት አወጡት። ከዚህም ራቅ ማለት የሚፈልግ ሞዜል ወንዝ ዳር ያለችውን ሼንገንን ይያት። ሁላችንም በቪዛው የምናውቀው ስም የዚያች ትንሽ መንደር ነው፤ አምስት አገሮች በመካከላቸው ያለውን የድንበር ቁጥጥር ለማስቀረት በጁን 1985 ስምምነቱን የፈረሙት እዚያው ወንዙ ላይ መርከብ ውስጥ ነበር። ለመንደሩም ቢሆን አውቶቡሱ አያስከፍልም።

ነፃ ሲባል ከሰማይ የወረደ አይደለም፣ ይኼም ይታወቅ። ወጪውን ግብር ከፋዩ ነው የሚሸፍነው። ድሮም ቢሆን የቲኬቱ ገቢ ከጠቅላላ ወጪው ከአሥር አንድ እንኳ በደንብ አይሞላም ነበር፣ ለዚያ ነው መተዉ ያልከበዳቸው። መኪናው መንገዱን ማጨናነቁንም አልተወም፤ ከፈረንሳይ፣ ከቤልጂየምና ከጀርመን በየቀኑ ድንበር ተሻግሮ ለሥራ የሚገባው ከ200 ሺህ በላይ ሰው ነው፣ ሁሉም በባቡር አይመጣም። ጠዋት በሥራ መግቢያ ሰዓት ያን ትልቅ ቦርሳ ይዞ ትራም ውስጥ መጋፋት ነውር ነው፤ ትንሽ አርፈድ ቢሉ ይሻላል።

እናም እባካችሁ፣ ጽሑፉን እንደገና ስታወጡት የአልጋውን ዋጋ ከሌላው ለዩልን። ካርታ የምትጨምሩ ከሆነም ሁለቱ ሊፍቶች ያሉበትን ምልክት አድርጉበት፣ ለእግረኛው ከሙዚየሙ ዝርዝር ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የዘወትር አንባቢ