ላይተር እምቢ ስላለች ባዶ ናት ማለት አይደለም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ?

ኩሽናሽ መሳቢያ ውስጥ የተጠራቀሙትን አሮጌ ላይተሮች ከቆሻሻው ጋር በፌስታል አስረሽ እንዳትጥያቸው። ላይተር እምቢ ያለችው ብልጭታ የምታወጣው ድንጋይዋ ስላለቀ ሊሆን ይችላል፤ ጋዙ ገና ሆዷ ውስጥ አለ። አንዷን ወደ ብርሃን አስጠግተሽ አዘንብያት። እንደ ውሃ ወዲያ ወዲህ የሚል ነገር ካየሽ እሱ በግፊት የታመቀ ቡቴን የሚባለው የላይተር ጋዝ ነው። ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ፕላስቲኩ በተሰነጠቀ ቅጽበት ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ግቢ ጥግ ቆሻሻ ሲቃጠል የሚፈነዳው ይኸው ነው፤ የሚጎዳው ደግሞ ቆሻሻውን በእጁ የሚለየው ምስኪን ሰው ነው።

ጋዙን ውጭ፣ ነፋስ ባለበት፣ ከከሰል ምድጃና ከሲጋራ ርቀሽ አስወጪው። ቡቴን ከአየር ሁለት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፤ የፍሳሽ ቱቦ አጠገብ አይሆንም። ነበልባል ማስተካከያ ካላት ወደ ትልቁ ግፊው። ከዚያ ባለጥርሷን ጎማ ሳትነኪ መጫኛውን ብቻ ተጫኚ፤ ሽሽ የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ። መጫኛውን እንደተጫነ በላስቲክ እሰሪውና እስከ ማግስቱ እዚያው ተያት። ስታነሻት ፈሳሽ ካልታየባትና ድምፁም ከጠፋ ባዶ ሆናለች።

ፈሳሽ እየታየ ድምፅ ከሌለ የጋዙ መውጫ ቫልቭ ተደፍኗል ማለት ነው። በምስማር መብሳት የሚባል ነገር አይታሰብ! ጋዙ ፊትሽ ላይ ይረጫል፣ ብረትም ብልጭታ ያወጣል። አሸዋ በያዘ ጣሳ አስቀምጪና ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ምን እንደሆነ ነግረሽ ለብቻው ስጫቸው።

ጋዟ አልቆ ድንጋይዋ ገና ያላለቀውን አትጣያት፤ ብልጭታዋ የጋዝ ምድጃ ለመለኮስ ይበቃል። ጣትሽን ከምድጃው አፍ ወደ ጎን አድርጊ፣ ጋዙንም በትንሹ ብቻ ክፈቺ። ድንጋዩን አውጥተሽ ለሌላ ላይተር ማዋል ከፈለግሽ ግን መነጽር አድርጊ፤ የላይኛውን ቆርቆሮ በፒንሳ ስትነቅዪ ጎማዋ ትለቅና ከሥር ያለችው ሞላ ድንጋዩን ይዛ ትስፈነጠራለች። ስለዚህ አፉን በጨርቅ ሸፍነሽ ንቀዪ።

ጋዝ የሚሞሉት ከሥራቸው የመሙያ ቫልቭ ያላቸው ብቻ ናቸው፤ እሱም በላይተር ጋዝ። ከኩሽናው ሲሊንደር እሞላለሁ የሚልሽን አትስሚ። የሲሊንደሩ ጋዝ ፕሮፔን የሚባል ሌላ ጋዝ ሊኖርበት ይችላል፤ የፕሮፔን ግፊት ደግሞ ከቡቴን በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ላይተሯ አትችለውም።

መሳቢያው ከምድጃው ጎን ነውና ይህን እስክትሠሪ ድረስ ላይተሮቹን ዛሬውኑ ከዚያ አውጥተሽ ፀሐይ የማይነካው፣ ሕፃን የማይደርስበት ቦታ አድርጊያቸው። መኪና ውስጥም እንዳትተያቸው፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ እጅ ያቃጥላል።

አባትሽ