ለደጋን የሚሆን ቀርከሃ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ፒያሳ በሚገኘው ግቢዬ የእንጨት ደጋን እየሠራሁ ጀርባውን (ሲሳብ ከተኳሹ በተቃራኒ የሚዞረውን ገጽ) በቀርከሃ እለብጣለሁ። ባለፈው ክረምት ከመንገድ ዳር የገዛሁት ቀርከሃ ለጋ ሳለ የተቆረጠ ኖሮ፣ በሁለት ወር ውስጥ ነቀዝ ዱቄት አደረገው። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ቢያንስ 3 ዓመት የሞላው፣ ነቀዝን የሚስበው ስታርች (በግንዱ ውስጥ የሚከማቸው ምግብ) በሚቀንስበት በበጋ የተቆረጠና በጥላ ሥር የደረቀ ነው። የአሶሳ አካባቢ የቆላ ቀርከሃ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ድፍን ሲሆን የደጋው ክፍት ነው፤ ይሁን እንጂ ጥንካሬው ያለው በውጭው ቆዳ ስለሆነ፣ መላጊያ መንካት ያለበት የውስጡን ገጽ ብቻ ነው፤ አንጓውም በሞረድ ይለሰልሳል እንጂ ከሥሩ አይጠረብም (እኔ አንዱን በጥድፊያ ጠርቤው ደጋኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሳብ እዚያው ላይ ተሰበረ)። ሻጮች የተቆረጠበትን ወርና ዕድሜውን በግንዱ ላይ በቀለም ቢጽፉልን ተጨማሪ ከፍዬም ቢሆን እገዛለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ አዲስ አበባ