ከደብረ ብርሃን ለሐዋሳው ወዳጄ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለውድ ወዳጄና ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርብልሃለሁ። አንተ፣ ባለቤትህና ልጆችህ እንደምን ከርማችኋል? እኔ ልዑል እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ባለቤቴም ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደኅና ናት። ላንተ እንደምጽፍ በነገርኋት ጊዜ ደስ ብሏት «የሰርጋችንን ዕለት ሲዘፍን ያደረውን ሰው ሰላም በልልኝ» ብላሃለች።

አድራሻህን ያገኘሁት ባለፈው ክረምት በዓለማያ እርሻ ኮሌጅ የክፍላችን አለቃ የነበረው ወንድማችን ዐርፎ ለለቅሶ አዲስ አበባ በሄድሁ ጊዜ ነው። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ባለ ነጭ ጢም ሽማግሌ፣ ያ ከአርሲ የመጣውና በመኝታ ክፍላችን ፊት ለፊት ይኖር የነበረው ጓደኛችን መሆኑን ያወቅሁት በሳቁ ነው። አንተም ጡረታ ወጥተህ ሐዋሳ ልጅህ ዘንድ እንደምትኖር የነገረኝ እሱ ነው። ስልክህን በወረቀት ጽፎ ሰጥቶኝ ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ የምንነጋገረው በስልክ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ብዕር ማንሣትን መረጥሁ። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ እዚያው የሚማረው የእህቴ ልጅ ነው፤ አደራህን ምሳ ሳትጋብዘው እንዳትሸኘው።

በዚያ ለቅሶ ቤት የክፍላችንን ልጆች እያስታወስን ስንጠራ አመሸን። በሕይወት ካሉት ውስጥ ለትምህርት ውጭ አገር ወጥተው በዚያው የቀሩት አሜሪካ ናቸው፤ እነሱም ጡረታ ወጥተዋል። የጎጃሙ ልጅ በወጣትነቱ ትቶት ወደነበረው ቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ሰበካ ጉባኤውን ያገለግላል። ከሴቶቹ መካከል ያቺ የእጽዋት ጥበቃ ትምህርት የምትበልጠን ጎበዝ አዳማ ላይ የፍራፍሬ ችግኝ እያፈላች ትሸጣለች፤ ከሁላችንም ጤናማዋ እሷ መሆኗን የአርሲው ወዳጃችን ምሎ ነግሮኛል። ያረፉትን ዝርዝር እዚህ አልጽፍልህም፤ ስንገናኝ አብረን እናስባቸዋለን።

ዓለማያን ሳነሣ ሐይቁ ትዝ ይለኛል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በታወጀበት ወቅት በዳርቻው እየተመላለስን «ፊደል ልናስተምር ወደ የትኛው ገጠር እንላክ ይሆን?» እያልን የተጨነቅንበት ውሃ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ጨርሶ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ መሆኑን በሰማሁ ጊዜ እንደ ዘመድ ሞት አዝኜ ነበር። በቅርብ ዓመታት ውሃው መመለስ መጀመሩን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። አዝመራ የሚያጠጣው ፓምፕ፣ የከተሞቹ የመጠጥ ውሃ ፍላጎትና ከተራራው እየታጠበ የሚወርደው ደለል ተባብረው እንዳደረቁት አንተ የአፈር ሰው ነህና ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ።

የእኔን ኑሮ በአጭሩ ልንገርህ። ምደባዬ መንዝ መሆኑን ታስታውሳለህ፤ በ1977ቱ ድርቅ ዘመን እዚያው ነበርሁ፤ ያየሁትን ዛሬም ለልጆቼ ሙሉ በሙሉ አልተረክሁላቸውም። ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛውሬ በግብርና ሥራ ላይ እንዳለሁ 60 ዓመት ሞላኝና ተሰናበትሁ። ጡረታው የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው፤ ከ70 በመቶውም አያልፍም፤ ስለዚህ ጤፉም ዘይቱም በየወሩ ሲወደድ የእኔ ብር በቆመበት መቆሙ አይቀርም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆቹ አይረሱንም። ትልቁ አዲስ አበባ ነው፤ ሴቷ ደሴ ነርስ ናት፤ ታናሹ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ይሠራል፤ እኛም ከእሱ ልጆች ጋር እንውላለን።

ከተማዋን ብታያት አታውቃትም። በአንተ ዘመን ደብረ ብርሃን ማለት ብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ የበግ ገበያውና ውርጩ ነበረች። አሁን በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ፣ በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክና የቢራ ፋብሪካዎቹ ሌላ ከተማ አድርገዋታል። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ደብረ ሲና በተጠጋ ጊዜ እጅግ ተጨንቀን ነበር፤ ከአጣዬና ከአካባቢው የተፈናቀሉ ዘመዶቻችንም ቤታችን ውስጥ ከርመዋል። ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች ዛሬም በከተማችን በመጠለያ ይኖራሉ። መንገዱም በየጊዜው ሲዘጋና ሲከፈት ኖሯል። የብዙ ሰው ወዳጅነት በእነዚህ ዓመታት ተቋርጧል፤ የእኛም ዝምታ ከዚያ የራቀ አይደለም።

ይህን ሁሉ ያልሁት ወደ ዋናው ጉዳዬ ለመድረስ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ወደ መንዝና ወደ ተጉለት እየሄድሁ፣ የዱሮ ገበሬዎችን ቤት እያንኳኳሁ የገብስ ዘሮችን ስምና ጠባይ እጽፋለሁ። ሰነፍ ቆሎ፣ ማጌ፣ ነጭ ገብስ፣ ፈረስ ጋማ፤ አንተም ብዙዎቹን ታውቃቸዋለህ። እኔ ግን ስማቸውን ብቻ አይደለም የምጽፈው፤ የትኛው በቀጭን አፈር እንደሚያፈራ፣ የትኛው ውርጭ ሳይደርስበት ቀድሞ እንደሚደርስና ጎተራ ባዶ በሚሆንበት በመስከረም ቤተሰብ እንደሚያሻግር፣ የትኛው ለበሶ፣ የትኛው ለጠላ፣ የትኛው ለእንጀራ እንደሚመረጥ ነው። ሞላሌ አካባቢ አንዲት እናት ሰነፍ ቆሎን በቅል አድርገው ለብቻው አኑረው አገኘኋቸው። ልጆቻቸው ማሳውን ባሕር ዛፍ ሲያለብሱት እሳቸው ከጓሯቸው አንድ ጥግ ላይ በየዓመቱ እየዘሩ ዘሩን አቆይተውታል። እንዴት እንደሚመርጡት ስጠይቃቸው ነዶው ሳይወቃ ዛላውን አንድ በአንድ በጣታቸው እየለዩ አሳዩኝ። ይህን በኮሌጅ በመጽሐፍ ተምረነዋል፤ እሳቸው ግን ከአያታቸው ነው የተማሩት።

ባሕር ዛፉን አልወቅስም፤ ገበሬው ከገብስ ይልቅ አጣና ሸጦ ልጁን ካስተማረ ምን ይደረግ? ለቢራ የሚሆነውን የብቅል ገብስም ቢሆን በውል እየዘሩ የተጠቀሙ አሉ። ባቄላውንም ገበሬው ቆርምድ የሚለው የፈንገስ በሽታ ካጠቃው ወዲህ ብዙዎች ትተውታል። የበልጉም ዝናብ እንደ ዱሮው የሚታመን አይደለም። እነዚህ ሁሉ ተደምረው የዱሮው ዘርና ስለ ዘሩ የሚያውቁት ሰዎች አብረው እያለቁ ነው። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመውና ዶክተር መላኩ ወረደ ለዓመታት የመሩት የዘር ባንክ ብዙውን ናሙና አኑሮልናል፤ እሳቸውም ከገበሬው ጋር ሆነው በሠሩት ሥራ በ1982 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ሽልማት እንደተሰጣቸው ታስታውሳለህ። ነገር ግን በቀዝቃዛው ክፍል ያለው ፍሬ የሞላሌዋ እናት የሚያውቁትን አይናገርም። ያንን መጻፍ የሚችለው ገበሬው ሲናገር የሚገባውና ጊዜ ያለው ሰው ነው፤ እኛ ደግሞ ሁለቱም አለን።

አንተን የምፈልግህም ለዚህ ነው። በእነዋሪ ውሃ በሚቋጥረው ጥቁር አፈር፣ በመረሬው፣ ሥራ ላይ በነበርህባቸው ዓመታት፣ ኢልካ የተባለው የአፍሪካ የእንስሳት ርባታ ማዕከልና የምርምር ሰዎቹ ሁለት ማረሻ አጣምረው ሰፊ መደብ የሚያወጣውን መሣሪያ ሲሞክሩ፣ አንተ በጎን የገበሬውን የቆየ ዘዴ ትመዘግብ ነበር። ሴቶቹና ልጆቹ በክረምቱ ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብለው አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ መደቡን ከፍ ሲያደርጉ፣ ውሃው በየትኛው አቅጣጫ እንዲጠነፍፍ ማን እንደሚወስን፣ የመደቡ ስፋት ለስንዴና ለምስር ለምን እንደሚለያይ እየጠየቅህ ትጽፍ ነበር። መሣሪያው በእንግሊዝኛ ምሕፃረ ቃሉ ቢቢኤም ተብሎ ታወቀ፤ ስለ እሱም ብዙ ተጽፏል። የእነዚያን እናቶች አሠራር ግን እንደ አንተ ደብተር በዝርዝር የያዘ ጽሑፍ እኔ አላየሁም።

ሸኖ አካባቢ አፈሩን ከምረው በኩበት ስለሚያቃጥሉት ገበሬዎች እስከ ሌሊት የተከራከርነውንም አስታውሳለሁ። አንተ «እሳቱ የአፈሩን ብስባሽ ጨርሶ ያጠፋዋል» ትል ነበር፤ እኔ ደግሞ «ሥራው ይህን ያህል አድካሚ ሆኖ ሳለ ጥቅም ባያገኙበት አይደክሙበትም ነበር» እል ነበር። ዛሬ ሳስበው ሁለታችንም የያዝነው እውነት ነበረን፤ በተቃጠለው ዓመትና በተከታዩ ገብሱ ጥሩ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ መሬቱ ለብዙ ዓመታት ጦም ካላደረ አያገግምም። አሁን ጦም የሚያድር መሬት ስለሌለና ኩበቱም ለማገዶ ስለሚሸጥ አሠራሩ ራሱ ሊጠፋ ተቃርቧል። በዚያ ዘመን የለካኸው የምርት መጠን በደብተርህ ውስጥ ካለ፣ ለእኔ ከማንኛውም ስጦታ ይበልጥብኛል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ከጥምቀት በኋላ ጤናህ ከፈቀደልህ ና። የአርሲው ወዳጃችን እመጣለሁ ብሎኛል፤ አዲስ አበባ ተገናኝታችሁ አብራችሁ መጓዝ ትችላላችሁ፤ ከዚያ እኛ ዘንድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደም ግፊት እንዳለብህ ሰምቻለሁና መድኃኒትህን እንዳትረሳ፤ ወፍራም ካፖርትም ያዝ፤ የጥር ወርን ብርድ ሐዋሳ ሆነህ ረስተኸው ይሆናል። ለሌሊቱ መንዝ የተሠራ ባና አለን። መንገዱ ሰላም ከሆነ የመንዙን የጓሳ ሣር ምድር ላሳይህ እፈልጋለሁ፤ ሣሩን ሕዝቡ ራሱ በየተራ እየከፈተና እየዘጋ በመጠበቁ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ዛሬም አሉ። ካልሆነም እዚሁ ቤቴ ተቀምጠን የአንተን ደብተርና የእኔን ጎን ለጎን አድርገን እናነባለን፤ ከዚያም የዩኒቨርሲቲው የግብርና መምህራን ዘንድ እንወስደዋለን፤ ከእነሱ አንዱ ሥራውን ለማየት ፈቃደኛ መሆኑን ነግሮኛል።

መምጣት ካልቻልህ ደግሞ የእህቴ ልጅ ጥሩ ስልክ ስላለው ገጾቹን ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልኝ ነግሬዋለሁ። በተለይ የእነዋሪውንና የሸኖውን ክፍል አስቀድሙልኝ፤ ጽሑፍህን ማንበብ ከቸገረው አንተ አጠገቡ ቁጭ ብለህ አንብብለት።

ለባለቤትህና ለልጆችህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

የዘወትር ወዳጅህ