አቼቶ የሸተተው ፊልም፦ ለሲኒማ ቤት ትዝታ ማስቀመጫ ክፍል የድጋፍ ጥሪ

ባለፈው ጥር ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር አንድ አባት ቤት ሄደን ነበር። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ጋሼ ብቻ ልበላቸው። አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ኦፕሬተር ነበሩ፤ ፊልም አጫዋች ማለት ነው። ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ደብረ ብርሃን ተመለሱ።

ቡናው ካለቀ በኋላ ከአልጋቸው ሥር አንድ ክብ ቆርቆሮ ጎትተው አወጡ። ክዳኑ ዝጓል። በቢላ ጫፍ ፈንቅለው ሲከፍቱት ሽታው ቤቱን ሞላው። ሰላጣ ላይ የምናደርገው አቼቶ፣ ቁርጥ እሱን ይሸታል። ጋሼ የፊልሙን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት። ጠርዙ እንደተኮማተረ ቅጠል ተሸብሽቧል። «ታሟል» አሉ። «ፊልም ሊሞት ሲል እንዲህ ነው የሚሸተው።»

እውነታቸውን ነው። ያ ዓይነቱ ፊልም አሴቴት ከሚባል ነገር የተሠራ ነው። ሙቀትና እርጥበት ሲነካው ውስጡ ይፈርስና አቼቶ የሚሸት አሲድ ያወጣል። አንዴ ከጀመረው ማዳን አይቻልም፤ ማዘግየት ብቻ ነው ያለው። 21 ዲግሪ ሙቀትና 50 በመቶ እርጥበት ባለው ክፍል የተቀመጠ አዲስ ፊልም በ40 ዓመት ገደማ መሽተት ይጀምራል። ክፍሉ ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ግን ዕድሜው በብዙ ይረዝማል።

የክፍሉ ሐሳብ የመጣልን ያኔ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ላይ ናት። በበርኖስና በብርድ ልብስ የምናመልጠው ይኸው ብርድ ለፊልም መድኃኒት ነው። የሚያስቸግረን የክረምቱ እርጥበት ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ በደህና ሣጥንና እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል መከላከል ይቻላል። ስለዚህ እዚሁ አንድ ክፍል እናዘጋጅ ተባባልን። የአሮጌ ሲኒማ ቤቶችን ፊልም፣ ፖስተር፣ ትኬትና ፎቶ የምናስቀምጥበት፣ በዚያ ውስጥ የሠሩትንና ያዩትን ሰዎች ድምፅ የምንቀዳበት ክፍል። ይህንን ጥሪ የምጽፈው ለእሱ ነው።

የአዲስ አበባ ሲኒማ እኛን ሰሜን ሸዋዎችን ምን አገባን የሚል አይጠፋም። በደንብ ያገባናል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከመንዝም ከአንኮበርም ከደብረ ሲናም በአውቶቡስ የወረደ ሰው መጨረሻው መርካቶ ነበር። ዕቃውን ሸጦ፣ የሚገዛውን ገዝቶ፣ መኪናው በማግስቱ ጧት ነው ሲባል የት ይሂድ? ብዙዎቹ አባቶቻችን ፊልም የሚባል ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት እዚያ ነው። ሲኒማ ራስ ዛሬም የሰፈር ስም ነው፤ የታክሲ ረዳት ይጠራዋል። አምባሳደርም እንደዚሁ። የሚሳፈረው ወጣት የሲኒማ ቤት ስም እየተጠራ መሆኑን ልብ አይለውም።

ታሪኩ ረጅም ነው። ሉሚዬር የተባሉት ወንድማማቾች ፓሪስ ውስጥ ከፍሎ ለገባ ተመልካች ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም ያሳዩት ታኅሣሥ 1888 ዓ.ም. ነው። ከዓድዋ ድል ሁለት ወር ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ሲኒማ ወደ እኛም ለመምጣት ብዙ አልቆየም፤ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው አይተውታል። ሕዝቡ ግን ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ሰው ሲያይ ደነገጠና የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» አለው። ስሙ ተጣብቆ ቀረ። የዕድሜ ባለጸጎች ዛሬም እንደዚያ ብለው ይጠሩታል።

ጣሊያን በወረራው ዘመን ሲኒማን የፕሮፓጋንዳ መንዣ አደረገው። ሀበሻና ነጭ እንዳይቀላቀሉም በሕግ ከለከለ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ሕንፃ ያኔ ሲኒማ ማርኮኒ ተብሎ የተጀመረ ነው። ሳያልቅ ወራሪው ተባረረ። በኋላ እንደገና ተሠርቶ ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. ተመረቀ። እኔ ይህ ታሪክ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ወራሪ ለራሱ መዝናኛ የጀመረው አዳራሽ የአገር መድረክ ሆነ። ኢምፓየር፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ አምባሳደር፣ ሲኒማ አድዋ፣ አዲስ ከተማ እያለ ከተማው በሲኒማ ተሞላ። ቅዳሜና እሁድ ሱፍ ለብሶ ሲኒማ መግባት ወግ ነበር። የሕንድ ፊልም የገባ ሰው መሐረብ ይዞ ነው፤ ማልቀሱ አይቀርማ።

በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ትርፍ ቤት ሲወረስ ሲኒማ ቤቶችም ወደ መንግሥት እጅ ገቡ። በ1980ዎቹ ቪዲዮ ቤት መጣ። በ1990ዎቹ የአማርኛ ፊልም ሲበዛ ወረፋው ተመልሶ ነበር። በ2008 በአማርኛ የተተረጎመ የውጭ ተከታታይ ድራማ በሳተላይት ቤታችን ድረስ ገባ። በመጋቢት 2012 ደግሞ ኮሮና በሮቹን ዘጋ። በ2016 የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ጋሼ ስልክ ደውለው «እዚያ ያደግነው ልጆች ሁሉ አድራሻ አጣን» አሉኝ።

ሕንፃ የማስቀረት አቅም የለንም። እሱ የእኛ ሥራም አይደለም። እኛን ያስፈራን ሌላ ነው። በዚያ ጨለማ ውስጥ ምን ይደረግ እንደነበር የሚያውቁት ሰዎች ከሕንፃዎቹ ቀድመው እያለቁ ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት ልንቀዳቸው ካሰብናቸው ሦስት ሰዎች አርፈዋል። አንዷ ትኬት ቆራጭ ነበሩ። «ለፋሲካ ኑ» ብለውን ነበር፤ አልደረስንም።

ጋሼ አንድ ቀን ሥራቸውን በቃል ብቻ አሳዩን። አንድ የ35 ሚሊ ሜትር ጥቅል 600 ሜትር ያህል ይረዝማል። የሚያጫውተው 20 ደቂቃ ብቻ ነው፤ በሴኮንድ 24 ምስል ያልፋልና። ስለዚህ ማሽኑ ሁለት ነው። አንዱ እየሠራ ሌላው ተጎርሶ ይጠብቃል። ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል በሸራው የቀኝ የላይኛ ጥግ ላይ ትንሽ ክብ ምልክት ብልጭ ትላለች። ተመልካቹ አያያትም። ኦፕሬተሩ ግን ዓይኑን ከእሷ አይነቅልም። መጀመሪያዋን ሲያይ ሁለተኛውን ማሽን ያስነሣል፤ ሁለተኛዋን ሲያይ ብርሃኑን ይቀይራል። ካመለጠችው ሸራው ነጭ ይሆንና አዳራሹ በፉጨት ይናወጣል። ፊልም ከተበጠሰም በምላጭ ቆርጦ፣ በማጣበቂያ ቀጥሎ፣ በላብ ተዘፍቆ ይመልሰዋል። ጋሼ ይህን ሲነግሩን እጃቸው አየር ላይ ማሽን ይነካካ ነበር። እሱን እጅ በካሜራ መቅረጽ ነበረብን። አልቀረጽንም፤ ካሜራም መቅረጫም አልነበረንም።

የእኛ የክፍለ ሀገር ልጆች ትዝታም ይቀዳል። እናቴ ፊልም ያየችው በመኪና መጥቶ፣ ሜዳ ላይ በተወጠረ አቡጀዲ ላይ ነው። እኛ ደግሞ የራሳችን ሲኒማ ነበረን። የተቃጠለ አምፖል ሆዱን አውጥተን ውሃ እንሞላዋለን። ካርቶን በስተን እንሰካዋለን። አንዱ ልጅ ደጅ ቆሞ በመስታወት ፀሐይ ይመልሳል፤ ሌላው ቁራጭ ፊልም ገልብጦ ይይዛል። ጨለማው ቤት ግድግዳ ላይ አክተሩ ጎራዴውን እንደያዘ ብቅ ይላል። አይንቀሳቀስም። ግን ሃያ ልጅ ትንፋሹን ውጦ ያየዋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ክፍሉን አንድ የከተማችን ሰው ለአምስት ዓመት ያለ ኪራይ ሰጥተውናል። ጣሪያውንና ወለሉን ለማስተካከል 48,000 ብር፣ ለብረት መደርደሪያ 38,000፣ ፖስተርና ፎቶ ለሚያነሣ ስካነር 62,000፣ ለድምፅና ምስል መቅረጫ 34,000፣ ለሁለት ሃርድ ዲስክ 28,000፣ ለሣጥን፣ ለሲሊካ ጄልና ለእርጥበት መለኪያ 25,000 ያስፈልገናል። ድምሩ 235,000 ብር ነው። ከመካከላችን 71,500 አዋጥተናል። የጎደለን 163,500 ብር ነው። ሃርድ ዲስኩ ሁለት የሆነው አንዱ ቢበላሽ የሰው ድምፅ አብሮ እንዳይጠፋ ነው፤ ሌላኛው በሌላ ሰው ቤት ይቀመጣል።

አንዲት እህት «ከተማው በተፈናቃይ ወገን ተሞልቶ እናንተ ስለ ፊልም ታወራላችሁ?» ብላኛለች። ጥያቄዋ ልክ ነው። ለእነሱ የምትሰጡትን አትቀንሱ፤ እኛም አልቀነስንም። ከዚያ ለሚተርፋችሁ ነው የምለምነው። 50 ብርም ይሁን።

ብሩ የሚወጣው ሦስት ሰው ሲፈርም ብቻ ነው። የገባውና የወጣው በየወሩ መጨረሻ በሩ ላይ ይለጠፋል፤ እንደ እድር። የሒሳብ ቁጥሩን በስልክ ለማንም አንሰጥም። በእኛ ስም ደውሎ የሚጠይቅ ካለ አጭበርባሪ ነው። ቅዳሜ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ክፍሉ ክፍት ስለሆነ መጥታችሁ አይታችሁ ስጡ። አዲስ አበባም ውጭ አገርም ያላችሁ፣ እዚህ ያለ ዘመዳችሁን ላኩልን፤ ደረሰኝ ይዞ ይመለሳል።

ብር የሌለው ዕቃ ያምጣ። የአባታችሁን ኮት ኪስ ፈትሹ፤ የትኬት ግማሽ አይጠፋም። ሲኒማ ቤት በር ላይ የተነሣችሁት ፎቶ ካለ ስካን አድርገን ወዲያው እንመልሳለን። ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ፊልም ካላችሁ ግን አደራ፣ ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት፤ ላስቲክ ውስጥም አትጠቅልሉት። ስለ ድሮ ሲኒማ ቤት የሚያወራ ሽማግሌ ጎረቤት ካላችሁም ይዛችሁት ኑ፤ ቡና አለ።

ጋሼን የምንቀዳቸው ክፍሉ እንደተዘጋጀ በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ያቺን ቆርቆሮ ራሳቸው ተሸክመው እንደሚያስገቡ ነግረውናል። ስትመጡ ጋቢ ያዙ፤ ክፍሉ ይበርዳል።