የልጅህ ጥያቄ ምክንያት ሆነኝ

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። ዝምታዬን በኢንተርኔቱ መቋረጥ ባሳብብ ደስ ባለኝ፤ ግን እሱ ከተመለሰ ቆይቷል። ጥፋቱ የኔው ስንፍና ነው።

ጣና ዳር ቁጭ ብያለሁ። ዓሣ አዝዤ "አሁን ይደርሳል" ካሉኝ ግማሽ ሰዓት አልፏል፤ ስለዚህ ጊዜ አለኝ።

ልጅህ ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም ጻፈችልኝ። "ጋሼ፣ ኦነርስ የሚባለውን ከባዱን የሒሳብ ኮርስ ልውሰድ ወይስ ቀላሉን ወስጄ ኤዬን ልያዝ? ለፒኤችዲ ሳመለክት ለውጥ ያመጣል?" አለችኝ። እኔና አንተ እንዲህ ያለ ጭንቀት አናውቅም። ሁላችንም ያንኑ ኮርስ ተምረን፣ በነጥብ ተበላልጠን ወጣን። ያሁኖቹ የአገራችን ተማሪዎች ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለባቸው፤ 50 ከመቶ ካልመጣ ዲግሪ የለም።

እውነቱን ልንገርህ፤ ትራንስክሪፕት ላይ "ኦነርስ" የሚለው ቃል ብቻውን ያን ያህል አይሠራም። ትርጉሙም እንደየኮሌጁ ነው። አንዱ ጋ አንድ ተጨማሪ ጽሑፍ ማስገባት ነው፤ ሌላው ጋ ኮርሱ ጭራሽ ሌላ ነው። አሜሪካ የፒኤችዲ ማመልከቻ የሚያነቡት የትምህርት ክፍሉ መምህራን ራሳቸው ናቸው። "ይህች ልጅ ምርምር ትችላለች ወይ?" ነው ጥያቄያቸው። ከባዱን ወስዳ ሲ ብታመጣ ማንም አያዝንላትም። በሒሳብ ደግሞ መጨረሻው ዓመት ላይ የድኅረ ምረቃ ኮርስ ወስዳ ብትሰቅለው ከኦነርሱ የበለጠ ይናገርላታል።

ታዲያ ተይው ልበላት? አልልም። ኦነርስ ክፍል ውስጥ ብዙውን ጊዜ ተማሪው ጥቂት ነው። መምህሩ ስሟን ያውቃል፤ ስትሳሳትም፣ ተመልሳ ስታስተካክልም ያያል። ኋላ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላት እሱ ነው። ከኮቪድ ወዲህ ብዙ ትምህርት ክፍሎች ጂአርኢ የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ስለተዉት ደብዳቤው ይበልጥ ከብዷል።

የኔን ደብዳቤዎች ታስታውሳለህ? አንዱ መምህሬ የሚያውቀኝ ሰማንያ ተማሪ ከታጨቀበት ክፍል ነበር። ደብዳቤውን ሳያሽግ ሰጠኝ፤ ሦስት መስመር ነው። "ጨዋና ሰዓት አክባሪ" ይላል። ለዘበኝነት ቢሆን ኖሮ ወዲያው ይቀጥሩኝ ነበር። ሌላው የመመረቂያ ጽሑፌ አማካሪ ነው። ክረምቱን በጀልባ ዘጌ ድረስ እየሄድን የጣናን ውሃ ስንቀዳ ከረምን፤ አንተ "ዓሣ አጥማጅ ሆነሃል" እያልክ ታሾፍብኝ ነበር። ማዕበሉ ሲመታን አስመለሰኝ፤ ግማሹ ናሙናም ተበላሸ። በማግስቱ ብቻዬን ተመልሼ ቀዳሁ። ሰውዬው ይህንኑ ጻፈው፣ ሁለት ገጽ ሙሉ። ኋላ የተቀበለኝ ክፍል ለቃለ መጠይቅ ሲጠራኝ ስለ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም፤ ስለ ናሙናው ብቻ።

ስለዚህ የኮርሱን ስም ትታ አስተማሪውን ታጣራ። ማን ነው? ተማሪ ያቀርባል? ቢሮው ክፍት ነው? መልካም ሰው ከሆነ ትግባ። ከከበዳት ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መቀየር ይቻላል። ሰውዬው ፊት የሚነሳ ከሆነ ግን ቀላሉን ወስዳ፣ የተረፋትን ሰዓት ምርምር የሚያሠራት መምህር ፍለጋ ታውለው።

ዓሣው መጣ። ቆሮሶ ብዬ አምባዛ አመጡልኝ፤ ርቦኛል፣ አልከራከርም።

አማርኛ ማንበብ ይከብዳታል ብለኸኝ ነበር። አንተው አንብብላት። የማስመለሱን ነገር ግን ዝለለው።

ወንድምህ፣ ከባሕር ዳር